የሁዳዴ ሸክም

በዚያ ዓመት ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፈንታሁን ቀኝ ጉልበቱን በሁለት ጨርቅ አሰረው። አንዱን ከጉልበቱ ሎሚ በላይ፣ ሌላውን ከሎሚው በታች አድርጎ ጠበቅ አደረገና ሱሪውን አወረደበት። ከዚያ ተነሥቶ ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ በሩ ተመላለሰ።

«ታነክሳለህ» አለችው ሚስቱ ጸዳለ።

«አሁንም?»

«ትንሽ። የሚያውቅህ ሰው ያየዋል።»

«የሚያውቀኝም አይይ፣ የማያውቀኝም አይይ።»

«እንዲህ አጥብቀህ አስረኸው ደሙ በየት ይለፍ?»

«ደሙ እንደፈለገ ይሁን። እግሩ እስከ ኢድ ይቁምልኝ እንጂ።»

ጸዳለ በየማታው ጨው በጨርቅ ቋጥራ እሳት ላይ እያሞቀች ጉልበቱን ትተኩስለት ነበር። ጠዋት ላይ ሻል ያለው ይመስልና፣ አንድ መኪና ሳይራገፍ ሕመሙ ይመለሳል። እስከ ኢድ ምን ያህል ቀን እንደቀረ እሷም ታውቃለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ምሳውን ቋጥራ ሰጠችው።

ፈንታሁን «እስከ ኢድ» ያለበትን ምክንያት የሐይቅ ከተማ ጫኝና አውራጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ መኪና ሲመጣ ሁለት ሰው ይይዘዋል። አንደኛው መኪናው ላይ ወጥቶ ጆንያውን እያነሣ ባልደረባው ጀርባ ላይ ያደርጋል፤ እሱ አሸካሚ ይባላል። ሁለተኛው ታች ሆኖ ይቀበልና በተጋደመው ጣውላ ወጥቶ መጋዘን ውስጥ ክምሩ ላይ ይጥላል፤ እሱ ተሸካሚ ነው። አሸካሚው ላቡን ያፈሳል፤ ተሸካሚው ግን ዕድሜውን ይጨርሳል። በአዘቦቱ ጊዜ ሁለቱ በየመኪናው ይፈራረቃሉ። ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁዳዴ ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስምና መኪናው ላይ ይቆያል፤ ሁሉንም ሙስሊሙ ይሸከማል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊሙ ላይ ይወጣል፤ ክርስቲያኑ ይሸከምለታል። ይህ በጫኝና አውራጆቹ ማህበር መተዳደሪያ ደንብ አልተጻፈም፤ ማን እንደጀመረውም የሚያውቅ የለም። ጥንድ ሲመረጥ ግን ምንጊዜም አንድ ሙስሊም ከአንድ ክርስቲያን ጋር የሚጣመረው ለዚህ ሲባል ነው። በዚህ ሰበብ ሁለት ሰው ተጣልቶ አያውቅም ነበር።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ድሮ መጋዘኑ በር ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት መኪና ቢቆም ነው፤ እሱም ጨው ወይም ስኳር የጫነ። በዚያ ዓመት ግን ከአሰብ የተነሣው የእርዳታ ስንዴ በባቲና በኮምቦልቻ፣ ደሴንም አልፎ ሐይቅ ሲደርስ፣ የመኪናው ሰልፍ ከመጋዘኑ በር እስከ ከተማው ጫፍ ይዘረጋ ጀመር። ከመኪናዎቹ ብዙዎቹ ባለተሳቢ ናቸው። ሹፌሮቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ መሪው ላይ ተደፍተው እያንቀላፉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስንዴው ከሐይቅ ተነሥቶ በበቅሎና በአህያ ወደ አምባሰል ይወጣል፤ እዚያ የሚጠብቀው ሕዝብ መጠበቅ እንኳ እየደከመው ነው።

እንግዲህ ያን ዓመት ሁዳዴ የገባው በዚህ መካከል ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የፈንታሁንን ድርሻም የራሱንም የተሸከመው ጥንዱ ኑርዬ ነበር። አንድም ቀን አልቀረም፤ አንድም ቀን ደከመኝ አላለም። ፋሲካ አልፎ ብዙ ሳይቆይ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ተራው የፈንታሁን ሆነ።

ኑርዬ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ አንገቱ ወደፊት የቀደመ ሰው ነው። ትውልዱ አርዲቦ አካባቢ ነው። ፈንታሁን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአምባሰል ደጋ ወርዶ፣ ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ወደ ማህበሩ ያስገባው እሱ ነው። ጆንያ እንደ ቆብ ራስ ላይ አጥልቆ ማጅራትን ማዳንን፣ ጣውላው ላይ ሲወጡ ትንፋሽን መያዝን ያስተማረውም እሱ ነው። ፈንታሁን «አያ ኑርዬ» እያለ ይጠራዋል፤ ኑርዬም «ፈንቴ» ይለዋል።

«እንዴት አደርክ አያ ኑርዬ?» አለ ፈንታሁን ያን ጠዋት፣ እንዳያነክስ ቀስ ብሎ እየተራመደ።

«አልሃምዱሊላህ። አንተስ ፈንቴ?»

«ደህና ነኝ።»

ኑርዬ መኪናው ላይ ወጣ። ፈንታሁን ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ አለ። ድሮ ኑርዬ ጆንያውን ከፍ አድርጎ አንሥቶ፣ እንቅልፍ የያዘው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ነበር ጀርባው ላይ የሚያሳርፈው። ከረመዳን ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል። ጆንያውን በጉልበቱ እየገፋ እስከ መኪናው ጠርዝ ያመጣና ያዘነብለዋል። ጆንያው ዱብ ይላል። ዱብታው ከጀርባ አልፎ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደዚያች ጉልበት ይወርዳል። በላዩ የሚደረበው ሁለተኛ ጆንያም እንዲሁ።

ፈንታሁን መጀመሪያ ላይ ነገሩን ለጾሙ ሰጠው። «ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ከየት አምጥቶ ያንሣ?» አለ። በአራተኛው ቀን ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። «እኔ በሁዳዴ ስጾም እንዲህ ጥዬበት አውቃለሁ?» በሰባተኛው ቀን ይህ ሐሳብ ከቤቱ አብሮት ይወጣ፣ አብሮት ይገባ ጀመር።

ከጎናቸው ያለውን መኪና የያዙት አብደላና አሻግሬ ናቸው። አሻግሬ ከነሸክሙም ቢሆን አፉ ዝም አይልም።

«ኑርዬ እኮ ላይ ሆኖ ወፈረ» አለ፣ ጆንያ ተሸክሞ እያለፈ። «ፈንታሁን፣ ይኼ ሰውዬ ሌሊት ስንት በግ ነው የሚበላው?»

«ዝም ብለህ ተሸከም» አለው አብደላ ከላይ።

«እኔማ እሸከማለሁ። ጌቶቼ ላይ ቆማችሁ ነፋስ ትቀበላላችሁ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ኑርዬም ፈገግ አለ። ፈንታሁን አልሳቀም።

የፈራው ጉልበቱን ብቻ አይደለም። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የማህበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ከበደ ሁሉንም ሰብስቦ ነበር። ጓድ ከበደ ራሱ ድሮ ተሸካሚ ነበር፤ አሁን ካኪ ለብሶ መጋዘኑ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣል።

«ጓዶች! ወገን እያለቀ ነው። እናት አገር ከእኛ የምትጠብቀው ጉልበት ነው። ከእንግዲህ ወዲያ በአንድ ጊዜ ሁለት ጆንያ መሸከም ያልቻለ ሰው አቅመ ደካማ ነው። የአቅመ ደካማ ስም ደግሞ ለቀበሌ ይተላለፋል።»

አሻግሬ እጁን አወጣ። «የታመመስ፣ ጓድ ሊቀ መንበር?»

«የታመመ ሰው ከሐኪም ወረቀት ያመጣል።»

«ወረቀቱን ካመጣ በኋላስ?»

«ወረቀቱንም ለቀበሌ እናስተላልፋለን።»

ያን ቀን አሻግሬ እንኳ የሚቀልድበት አላገኘም። ስሙ ለቀበሌ የተላለፈ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ሥራ የሌለው ሰው ስሙ ከሰፈራ ተጓዦች ስም ጋር ይጻፋል። ስንዴ ያራገፈው ባዶ መኪና ሲመለስ ሰው ይጭናል። መተከል ነው ይላሉ፤ ወለጋ ነው ይላሉ፤ ተመልሶ የመጣ ስለሌለ እርግጡን የሚናገር የለም። ፈንታሁን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ጉልበቱን ከሰው ሁሉ ደበቀ። ከኑርዬም ጭምር።

ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው መኪና ሊያልቅ ሲቃረብ ጣውላው መካከል ጉልበቱ ከዳው። ሕመም ሳይሆን ባዶነት ነበር የተሰማው፤ ከወገቡ በታች የሚይዘው ነገር እንደሌለ ሁሉ። በግራ እጁ ግድግዳውን ያዘና ራሱን አዳነ፤ የላይኛው ጆንያ ግን ወድቆ ፈነዳ። ስንዴው በጣውላው ላይ ፈሰሰ።

«ፈንታሁን! ምን ሆነህ ነው?» አለ ጓድ ከበደ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«አዳልጦኝ ነው ጓድ። ጣውላው ላይ ስንዴ ፈስሶ ነበር።»

«ስንዴው የፈሰሰው ጆንያውን ከጣልህ በኋላ ነው።»

ፈንታሁን የተረፈውን ጆንያ ከጀርባው አወረደ።

«እያየሁህ ነው» አለ ጓድ ከበደ።

ፈንታሁን ተንበርክኮ ስንዴውን በእጁ እያፈሰ ወደ ላይ ተመለከተ። ኑርዬ የመኪናውን ስፖንዳ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ከታች ሆኖ አይለይም። ‹ወርዶ አንድ እፍኝ እንኳ ቢያግዘኝ ምን ነበረበት?› አለ በልቡ።

ለምሳ ሲለቀቁ ሙስሊሞቹ ለዙህር ሰላት ሊተጣጠቡ ወደ ሐይቁ ውኃ ወረዱ። ክርስቲያኖቹ መጋዘኑ ጥግ ተቀምጠው ቋጠሯቸውን ፈቱ። ፈንታሁን አልበላም። ሰጋጆቹ ሰግደው እስኪመለሱ ጠበቀና፣ ጉልበቱን ሰው በማያይበት ቦታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሊነክር ብቻውን ወረደ። ዳርቻውን ይዞ ፊላው ወደሚበዛበት ሄደ። እዚያ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ሾላው ሥር አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ፈንታሁን ወደፊት በቀደመው አንገቱ ለየው።

ኑርዬ ከደረት ኪሱ ትንሽ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ፈትቶ ነጭ ነገር ወደ አፉ ጣለ። ፈንታሁን ስኳር መሰለው። ከዚያ ኑርዬ በእፍኙ ውኃ ቀድቶ ጠጣ፤ ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ጠጣ። ከጉያውም ቂጣ አውጥቶ ገመጠ።

ፈንታሁን ከፊላው ጀርባ ደርቆ ቀረ። ጉልበቱን መንከሩንም ረሳው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የወረደበት ዱብታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀርባው ላይ ያረፈ መሰለው። ኑርዬን ከልቡ ያምነው ነበርና የተሰማው ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ሆድም ባሰው። ድምፅ ሳያሰማ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ የገባው መኪና ባለተሳቢ ነበር። ኑርዬ በአብደላ እጅ ተደግፎ ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ጆንያ በጉልበቱ ገፍቶ ጠርዝ ላይ አደረሰ። ፈንታሁን ግን ጀርባውን አልሰጠም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ጎንበስ በል እንጂ ፈንቴ።»

«ውረድ።»

«ምን አልከኝ?»

«ውረድና ተሸከም። እኔ ልውጣ።»

አሻግሬ ከሸክሙ ሥር ሳቀ። «ፈንታሁን ሰለመ እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ ልጹም ልትል ነው?»

«ላይ የሚቆመው የጾመ ሰው ነው» አለ ፈንታሁን፣ ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ። «እሱ አልጾመም። ሾላው ሥር ቂጣ ሲገምጥ፣ ስኳር ሲቅም፣ ውኃ ሲጠጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እኔ ጉልበቴ እስኪከዳኝ የምሸከመው ለጾመኛ እንጂ ለሰነፍ አይደለም!»

ተሸካሚዎቹ ከነጆንያቸው ቆሙ። ሙስሊሞቹ ግን ወደ ኑርዬ አልዞሩም፤ ሁሉም ዓይናቸውን ፈንታሁን ላይ ተከሉ።

«ፈንታሁን፣ ተው» አለ አብደላ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥራህን ሥራ። ማታ እንነጋገራለን።»

«ምን ተው ትለኛለህ? አንተም አብረኸው ትበላ ይሆናላ!»

«ዋ! አፍህን ሰብስብ! ተው አልኩህ፣ ተው። ለአንተው ብዬ ነው።»

ጓድ ከበደ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። «ምንድን ነው ጉዱ?»

ኑርዬ ከላይ ሆኖ ጓድ ከበደን አየ። ቀጥሎ አብደላን አየ፤ በመጨረሻም ፈንታሁንን። ራሱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቀ። ፈንታሁን ያን እፍረት ነው ብሎ ያዘው። ልመና መሆኑ የገባው በኋላ ነው።

«እውነቱን ነው» አለ ኑርዬ። «በልቻለሁ። ልክ ነው፣ መሸከም የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፣ እግሩን እያስቀደመ፣ ጎማውን በጣቱ እየዳሰሰ ወረደ። ፈንታሁን በክንዱ ኃይል ተስቦ ወጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያላየውን የጆንያ ክምር ከላይ ሆኖ አየው። አንዱን ብድግ አድርጎ ኑርዬ ጀርባ ላይ አኖረ። ሁለተኛውንም ደገመ። አልጣለበትም። ‹እንዴት እንደሚጫን ላሳየው› ብሎ ቀስ አድርጎ ነው ያሳረፈው። ሁለተኛውን ሲያስተካክል እጁ የኑርዬን ወገብ ነካ። ከሸሚዙ ሥር እንደ እንጨት የጠነከረ ነገር ነበር። ቀበቶ ይሆናል አለ።

ኑርዬ ሄደ። ሜዳውን በደህና አለፈ። ጣውላው ላይ አራት እርምጃ ወጣ፤ አምስተኛው ላይ ቆመ። አልተንገዳገደም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ከጆንያዎቹ ሥር «ኧ» የሚል፣ ድንገት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ያለ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጆንያዎቹ በግራና በቀኝ ወረዱና እሱ በእጁና በጉልበቱ ጣውላው ላይ ቀረ። ሊያነሡት ቢሞክሩ ጮኸ። ቢተዉትም ጮኸ።

ጓድ ከበደ አጠገቡ ደርሶ ሸሚዙን ገለበው። ኑርዬ ወገቡ ላይ የታጠፈ ጆንያ አድርጎ፣ በላዩ ላይ የአህያ ጭነት በሚታሰርበት ጠፍር ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ጠፍሩ የነካው ቆዳ ተልጦ፣ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ቀልቷል። ከደረት ኪሱ የወረቀት ጥቅል ወደቀና ነጫጭ ኪኒኖች ጣውላው ላይ ተበተኑ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ጓድ ከበደ።

«ዛሬ ነው ጓድ» አለ ኑርዬ ጥርሱን ነክሶ።

«የዛሬ ቁስል እንዲህ አይጠቁርም።» ጓድ ከበደ ሸሚዙን መልሶ አለበሰው። እጁ ከባድ አልነበረም። «እኔ ይህን የማላውቅ መስሎህ ነው?» አለ ዝቅ ብሎ። ይህን ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ እስክሪብቶውንም አወጣ።

ፈንታሁን መኪናው ላይ እንደቆመ ነበር። አብደላ ከራሱ መኪና ወርዶ ወደ እሱ መጣ።

«ከሆሳዕና በፊት ጀምሮ ነው» አለው። «ያንተንም የሱንም ሲሸከም ወገቡ ተሰበረ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ይህን ኪኒን ሰጡት። ሸሆቹ ‹በሽተኛ ነህ፣ ብላና ዋጥ› ብለው ፈቀዱለት። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ ነዋ! ‹በሁዳዴ ለእሱ ስሸከም እንደተጎዳሁ ከሰማ ያፍራል፤ አትንገሩት› አለን። ረመዳንን ላይ ቆሞ ወገቡን ሊያሳርፍ፣ ከኢድ በኋላ ተራውን ሊሸከም ነበር ሐሳቡ። የሚያውቀው ሰው ባነሰ መጠን ከበደ ጆሮ አይደርስም ብለንም ነው።» አብደላ ምራቁን ዋጠ። «አንተ አደረስክለት።»

ሹፌሩ «ኧረ እባካችሁ፣ ደሴ ልመለስ!» እያለ ጥሩንባውን ነፋ።

በሦስተኛው ቀን ፈንታሁን ጓድ ከበደ ፊት ቀረበ።

«ጓድ፣ ስለ ኑርዬ ጉዳይ ነበር።»

«ስሙ ከትናንት ወዲያ ሄዷል።»

«የተጎዳው እኮ በእኔ ነው። ጥንዱ እኔ ነኝ።»

ጓድ ከበደ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ከፊቱ ጀምሮ ወደ እግሩ ወረደ፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆየ። «እና ምን እያልከኝ ነው? አንተም አቅመ ደካማ ነህ?»

ፈንታሁን ሱሪውን ከፍ አድርጎ ጨርቁን ሊያሳየው አሰበ። ‹የሁለታችንም አንድ ነው፤ ወይ ሁለታችንን ጻፍ፣ ወይ ሁለታችንን ሰርዝ› ሊል ነበር የመጣው። መንገድ ላይ ሁሉ ይህንኑ ሲለማመድ ነው የመጣው። ጸዳለን አሰበ። ባዶውን መኪና አሰበ።

«የለም ጓድ» አለ። «እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«ጤነኛ ከሆንክ ውጭ መኪና ቆሞ ይጠብቅሃል።»

ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር ልጣመር የሚል ሙስሊም ጠፋ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሲጠየቁ ብቻ «ጥንድ አለኝ» ይላሉ። ጓድ ከበደ ወልዴ የሚባል ከአምባሰል የወረደ ጎረምሳ አመጣለት። ሁለት ክርስቲያን በአንድ መኪና ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። አሻግሬ «መጪው ሁዳዴ ሲገባ መኪናው ራሱ ይሸከማችኋል» ብሎ ቀለደ። የሳቀለት የለም።

በኢድ ማግስት ፈንታሁን እንደ ምንም ልቡን አጥንቶ ኑርዬ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው የኑርዬ ሚስት ዘይቱና ናት።

«እንኳን አደረሳችሁ፣ እት ዘይቱና።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ግባ።» አላየችውም።

ኑርዬ መሬት ላይ በተነጠፈ ሳንቃ በጀርባው ተንጋሏል። ሴት ልጁ ኑርሀያት ጥግ ላይ ሆና ልብስ በአንሶላ ትቋጥራለች። ፈንታሁን ከእንጨት በተሠራ ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ኪኒኑ በባዶ ሆድ ከሆነ ያስመልሰው ነበር» አለች ዘይቱና ድንገት፣ ለፈንታሁን ሳይሆን ለግድግዳው የምትነግር ይመስል። «ሸሆቹ ፈቅደውለት እንኳ ሦስት ቀን አለቀሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ረመዳንን ገድፎ የማያውቅ ሰው። ቂጣውን እኔ ነኝ ጉያው ውስጥ የምጨምርለት። ‹ሰው ያየኛል› ሲለኝ፣ ‹ማን ያይሃል? ቢያይህስ ማን ይናገርብሃል?› እለው ነበር።»

«ዘይቱና፣ ይብቃ» አለ ኑርዬ።

«በቅቶኛል» አለችና ወጣች።

«አያ ኑርዬ» አለ ፈንታሁን። «እኔም እኮ ጉልበቴ…»

«አውቃለሁ። ጣውላው ላይ ጆንያው የፈነዳ ዕለት አየሁ። ከዚያ በፊት ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።» ኑርዬ ጣሪያውን እያየ ነበር የሚናገረው። «እኔም ብነግርህ ጥሩ ነበር። አውፍ በለኝ።»

ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣው ፈንታሁን ራሱ ነበር። ግን ሳይጠይቅ ተነሥቶ ወጣ።

ኢድ በዋለ በስምንተኛው ቀን ስንዴ ያራገፉ አራት መኪናዎች መጋዘኑ ፊት ተሰለፉ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ተጓዦቹ ደሴ መድረስ ስላለባቸው ጫኝና አውራጆቹ የሰዉን ጓዝ እንዲጭኑ ታዘዙ። ድስት፣ ቁርበት፣ የታሰረ አንሶላ፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ ወደ ላይ ተወረወረ። ቀጥሎ ሰዉ ራሱ ይወጣ ጀመር። መሰላል አልነበረም። ወጣቶቹ ጎማውን እየረገጡ ይዘላሉ፤ ሽማግሌዎቹን ከላይ በክንዳቸው ይጎትቷቸዋል።

ኑርዬ በሁለት ምርኩዝ መጣ። ዘይቱናና ኑርሀያት በግራና በቀኙ ናቸው። መኪናው ሥር ደርሶ ስፖንዳውን ቀና ብሎ አየ። ስንት ዓመት እየዘለለ የወጣበት ከፍታ ነው።

ፈንታሁን ይዞት የነበረውን ጓዝ አስቀምጦ መጣ። ምንም ሳይናገር ጎማው አጠገብ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። ጠጠሩ የታመመችውን ጉልበት ወጋት።

«ጀርባዬን ረግጠህ ውጣ፣ አያ ኑርዬ።»

ኑርዬ ዝቅ ብሎ አየው።

«ተው ፈንቴ» አለ። «ተነሥ። ብዙ ተሸክመህልኛል።»

በድምፁ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። ቢኖርበት ለፈንታሁን ይቀለው ነበር። ኑርዬ ወደ አብደላ እጁን ዘረጋ። አብደላ ከላይ፣ አሻግሬ ከታች ሆነው አነሡት። ወገቡን እንዳይነኩት ብብቱን ይዘው፣ እያቃሰተ፣ ቀስ በቀስ አስገቡት።

ፈንታሁን ሊነሣ ሲል ጀርባው ላይ እግር ተሰማው። የዘይቱና እግር ነው። ፈቃድ አልጠየቀችውም፤ አልተቻኮለችም። አንዱን እግሯን ወገቡ ላይ ተከለች፤ ሁለተኛውንም አመጣች፤ እዚያው ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀላል ሴት ናት። ከዚያ ስፖንዳውን ይዛ ወጣች። ኑርሀያት ተከተለች። ከእሷ በኋላ የቆመችው ፈንታሁንን ጨርሶ የማታውቅ፣ ልጅ ያዘለች የገጠር ሴት ነበረች። መወጣጫ የተዘጋጀላት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ረገጠችው። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው ኋላ ደግሞ ሚስቱ ረገጡት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ማንም ተነሥ አላለውም፤ እሱም አልተነሣም። መጀመሪያ ያልተነሣው ስላልፈለገ ነው። በኋላ ግን ጉልበቱ እንቢ ስላለው ነው።

ስፖንዳው ተዘጋ። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ፊቱን ሸፈነው። መኪናው ከጎኑ ሲወጣ ቀና ብሎ ሊያይ ሞከረ፤ የሰዉ ራስ እርስ በርሱ ስለተደራረበ የኑርዬን አንገት መለየት አልቻለም።

ወልዴ መጥቶ በብብቱ ይዞ ሳበው። «ጋሼ ፈንታሁን፣ ተነሥ እንጂ። ባለተሳቢ ገብቷል።»

ፈንታሁን በወልዴ ትከሻ ተደግፎ ቆመ። ከደሴ በኩል የመጣው መኪና ወደ መጋዘኑ በር እየታጠፈ ነበር። የመሸከሙ ተራ የማን እንደሆነ ወልዴ ጠየቀው።

«የኔ ነው» አለ ፈንታሁን፤ ጆንያውን ራሱ ላይ አጠለቀና ጀርባውን ሰጠ።